አርባ ዘጠኙ ዘማሪዎች፦ የአራዳ ጊዮርጊስ የዘውድ ሌሊት

ጥቅምት 23 በመጣ ቁጥር የ1923ቱ የዘውድ በዓል በየጋዜጣው አምድ ብቅ ይላል። የሚነገረውም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፦ ከጀርመን የመጣው የቄሣሩ ሠረገላ፣ በወርቅ የተጠለፈው ካባ፣ ከሎንዶንና ከሮም የተላኩት መሳፍንት። ዓይን ያየው ሁሉ ተጽፎ አልቋል፤ ጆሮ የሰማው ግን ገና ነው።

በዚያ ሰሞን በአራዳ ጊዮርጊስ የተዜመው ዜማ የራሱ ክርክር አለው። በአንድ ወገን፣ አርባ ዘጠኝ ጳጳሳትና ካህናት ሰባት ሰባት ሆነው፣ ለሰባት ቀንና ለሰባት ሌሊት፣ በካቴድራሉ ሰባት ማዕዘን ዘጠኝ የዳዊት መዝሙሮችን ሳያቋርጡ ዘመሩ የሚል ትረካ አለ። በሌላ ወገን፣ በሥፍራው የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ያንኑ ሥርዓት ማለቂያ የሌለውና ሊቅ ነኝ ባይ እንኳ መላ ቅጡን ያጣበት አድርጎ ቀልዶበታል። አንዱ ዜማውን ወደ ተአምር ሲያወጣው ሌላው ወደ ቧልት አወረደው።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ከመስከረም 1921 ጀምሮ ንጉሥ ተብለው የነበሩት ተፈሪ መኰንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተሰኝተው ዙፋኑን ወረሱ። የዘውዱ በዓል ግን ክረምቱ እስኪያልፍና የውጭ እንግዳው እስኪሰበሰብ ሰባት ወር ቆየ። እንግዶቹ በጅቡቲ ባቡር መጥተው ለገሃር ወረዱ፤ ከዚያም ዛሬ ቸርችል ጎዳና በምንለው አቅጣጫ ሽቅብ ወደ አራዳ ወጡ። ዳገቱ ያኔ የቸርችል ስም አልነበረውም፤ ስሙ ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ የመጣ ነው። ከእንግሊዝ የአምስተኛው ጆርጅ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ ከጣሊያን የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ መጥተዋል። በዋዜማው፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ በካቴድራሉ ፊት ለፊት የአፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ተመረቀ።

ካቴድራሉም ለዚህ ክብር እንግዳ አልነበረም። የአራዳው ጊዮርጊስ ታቦት አድዋ ዘምቷል፤ ከድሉ በኋላ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ንድፍ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለው ጣሊያናዊ ነው ይባላል። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ዘውድ የደፉት እዚሁ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የአልጋ ወራሻቸው ሆነ። ንጉሡና እቴጌ መነን ሌሊቱን በካቴድራሉ በጸሎት አሳለፉ፤ ጧት ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ቀብተው ዘውዱን ጫኑላቸው።

እስከዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ከአርባ ዘጠኙ ነው።

ትረካው በውጭ ሀገር ጽሑፎች ተደጋግሞ ይገኛል። በተለይ በራስ ተፈሪያውያን ዘንድ እንደ ትንቢት ፍጻሜ ይነገራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1931 የወጣው የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት፣ የሮበርት ሙርን የዘውድ በዓል ዘገባና የአሜሪካውን ሚኒስትር የአዲሰን ሳውዛርድን ጽሑፍ ይዞ በመውጣቱ፣ በጃማይካ ድሆች መንደሮች እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተገልጧል። ሰባት ሲደጋገም፣ ሰባት በሰባት ሲባዛ፣ የዮሐንስ ራእይን ለለመደ ጆሮ መልእክቱ ግልጽ ነበር።

ቁጥሩን ግን ረጋ ብለን እንቁጠረው። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምድር አርባ ዘጠኝ ቀርቶ ዘጠኝ ጳጳስ አልነበረም። ለአሥራ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእስክንድርያ በሚላክ አንድ ግብጻዊ ጳጳስ ስትመራ ኖራለች። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ፣ ካይሮ ላይ የተሾሙት ገና በ1921 ዓ.ም. ነው። በ1922 ፓትርያርክ ዮሐንስ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ጨመሩ። አቡነ ቄርሎስን ስንደምር ስድስት። ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ብዙ ጳጳስ ያየችበት ዓመት እሱ ነበር፤ ቢሆንም ስድስት ነው። ስለዚህ ከአርባ ዘጠኙ ቢያንስ አርባ ሦስቱ ቀሳውስት፣ መነኮሳትና ደብተራዎች መሆን አለባቸው። ትረካው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ካህናቱ እየተረሱ ጳጳሳቱ በዙ።

ማዕዘኑም እንዲሁ ነው። አራዳ ጊዮርጊስን የዞረ ሁሉ እንደሚያውቀው ማዕዘኑ ስምንት ነው። ሰባት ማዕዘን ያለው ጸሐፊ በራሱ ቤት የቆጠረው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ብለን ትረካውን ፈጠራ ነው ብለን ብንጥለው ግን አዋቂነት አይሆንም። ሰባቱን ያመጣው ፈረንጅ አይደለም። በእኛ ሥርዓት ለትልቅ ጉዳይ ሱባኤ ይገባል፤ ሱባኤው በሰባት ቀን ይቆጠራል፤ ሰባት ሱባኤ ደግሞ አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። መዝሙረ ዳዊትም በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የየዕለቱ ድርሻ አለው፤ ሰኞ የጀመረ እሑድ ላይ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ደርሶ ይጨርሳል። እንግዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ ካህናት በፈረቃ ዳዊት ሲደግሙ መሰንበታቸው ለአንድ የዘውድ በዓል የሚያስደንቅ ሳይሆን የሚጠበቅ ነው። ተአምር ያደረገው ደብሩ አይደለም። አንድ እንግዳ በአስተርጓሚ በኩል «ሰባት ቀን፣ ሰባት ሰባት እየሆኑ» ሲባል ሰምቶ የቀረውን በልቡ ቀጠለው ማለት ለእውነት የሚቀርብ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቧልቱ እንምጣ። ኢቭሊን ዋው ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር፤ ለታይምስ ጋዜጣ ሊዘግብ ነበር የመጣው። በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዘውዱ ሥርዓት የጻፈው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የውጭ ሰው ስለዚያ ቀን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያገኘው ጽሑፍ ሆኗል። ሥርዓቱ ሲጀመርም ረዥም ነበር፤ ካህናቱ ደግሞ ከተያዘለት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስረዘሙት ይላል። ዲፕሎማቶቹ በወርቅ ቅብ ወንበራቸው ላይ እየተቁነጠነጡ፣ ግእዙ አንዱ ካንዱ እየተያያዘ ይንቆረቆራል።

የጽሑፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ግን ንጉሡ አይደሉም፤ ዋው «ፕሮፌሰር ደብልዩ» የሚላቸው አሜሪካዊ ናቸው። እኚህ ሰው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሥርዓት አውቃለሁ ባይ ሆነው ከጎኑ ተቀምጠው ይተረጉሙለታል። አሁን ቅዳሴው ተጀመረ ይሉታል፤ ትንሽ ቆይተው መሥዋዕቱ እየቀረበ ነው፤ ኧረ አይደለም፣ ቡራኬው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ወንጌል ይሆን እንዴ፤ በመጨረሻ እስካሁን የሰማነው ለካ ቅዳሴም አልነበረም፣ ቅዳሴው ገና አሁን ጀመረ። አንባቢው ይስቃል፤ ሳቁም ፕሮፌሰሩን ብቻ ሳይሆን ካህናቱንም ይነካል፤ ሊቅ እንኳ የጠፋበት ሥርዓት ሥርዓት ነው ወይ ያሰኛል። ፕሮፌሰሩ ቶማስ ዊትሞር መሆናቸውን የዋው ሕይወት ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ዊትሞር ተራ ሰው አይደሉም፤ በዚያው ዓመት የቢዛንታይን ተቋምን መሥርተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በኢስታንቡል የሐጊያ ሶፊያን ሞዛይኮች ከተሸፈኑበት ልስን ማውጣት ጀመሩ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ጠፋበት? መልሱ ከቀን መቁጠሪያው ውስጥ አለ፤ ከዋው መጽሐፍ ወይም ከናሽናል ጂኦግራፊክ ሳይሆን።

ጥቅምት 23 የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው፤ ደብሩም የጊዮርጊስ ነው። ያች ጥቅምት 23 እሑድ ውላለች። በዚያ ላይ ወቅቱ ወርኃ ጽጌ ነበር፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። አንድ ሌሊት ላይ ሦስት ምክንያት ተደራረበ፦ ሰንበት፣ የደብሩ ቅዱስ ዕለትና ጽጌ። ንጉሥ ባይነግሥ እንኳ አራዳ ጊዮርጊስ በዚያች ሌሊት ባዶውን አያድርም ነበር። ከማኅሌቱ ቀጥሎ ኪዳን ይደርሳል፤ ከኪዳን ቅዳሴ ይከተላል። በዕለቱ ደግሞ በመካከል የዘውዱ ሥርዓት ገባ፤ መሐላው፣ ከዚያም ሰይፉ፣ በትረ መንግሥቱ፣ ሉሉ፣ ቀለበቱ፣ ሁለቱ ጦሮች፣ በመጨረሻ ዘውዱ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ጸሎት። ዊትሞር የሰሙት አንድ የተምታታ ቅዳሴ ሳይሆን የተሰናሰሉ አራት አገልግሎቶች ነው። ቅዳሴ አይደለም ያሉትም ትክክል ነበሩ፤ የዘውዱ ሥርዓት የራሱ መጽሐፍ ያለው ሥርዓት ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው በባዝ ስደታቸው የጻፉት መጽሐፍ ሥርዓቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል፤ እሱን ላነበበ ሰው የሚያምታታ ነገር የለውም። እርግጥ ነው፣ ባለቤቱ ስለ ራሱ በዓል የጻፈው ምን ጊዜም የተስተካከለ ነው። ቢሆንም በዚህ ነገር ላይ ከእንግሊዛዊው ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

ሌላም አለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ክፍል ነው የሚሠራው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ዘማሪው በውጭኛው ይቆማል፤ ቄሱ መጋረጃው ውስጥ ይሠዋል። እንግዶቹ የተቀመጡት ደግሞ ከካቴድራሉ ጋር ተያይዞ በተዘጋጀ ሰፊ ቦታ ነው፤ ዋው ድንኳን ይለዋል። ከግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ዜማ እየሰማ የማያየውን ሥርዓት ይከታተል የተባለ ሰው የቱ ጋ እንደደረሰ ባያውቅ ሊፈረድበት አይገባም። ዋው ራሱ ካቶሊክ የሆነው ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር፤ ቅዳሴ ማለት ለእሱ ካህኑን በዓይን እያዩ የሚከታተሉት ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ ከዚያው ፕሮፌሰር ጋር ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ያደረበት ቅሬታም ይኸው ነው፤ በተዘጋ በር ወዲያ የሚፈጸም ምሥጢር አልተዋጠለትም። ሊያይ መጥቶ አላየም፤ ከመጀመሪያው የተዘጋጀለት ግን መስማት ነበር።

ለፍርድ እንዲመች የእንግሊዞቹን ቤት ደግሞ እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1727 በዌስትሚንስተር ጆርጅ ሁለተኛ ዘውድ ሲደፉ፣ በዚያው ዓመት እንግሊዛዊ ዜግነት ያገኘው ጀርመናዊው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንድል አራት መዝሙሮችን አዘጋጅቶ ነበር። አንዱ «ካህኑ ሳዶቅ» ነው፤ ካህኑ ሳዶቅና ነቢዩ ናታን ሰሎሞንን የቀቡበትን የመጽሐፈ ነገሥት ታሪክ ይዞ፣ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ የዘውድ በዓል ሁሉ ሲዘመር የኖረ፤ የባሮክ ዘመን የድምፅ ሙዚቃ ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዕለቱ ግን እንዲህ የሰመረ አልነበረም። ዘውዱን የጫኑት ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ዌክ በእጃቸው በያዙት የሥርዓት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ያሰፈሩት ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ፤ አንደኛው መዝሙር በመዘምራኑ ቸልተኝነት ሳይዘመር መቅረቱን፣ ሌላው መዝሙር ደግሞ መምታታቱን ጽፈዋል። ዛሬ ያን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ የሃንድልን ዜማ እንጂ የመዘምራኑን ስሕተት አያነሣም። የጆርጅ ሁለተኛ ዘር የሆነው የግሎስተር መስፍን ከ203 ዓመት በኋላ አራዳ ተቀምጦ የሰማው ደግሞ የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ንጉሥ ሲቀባ ነው። ያ የዘር ሐረግ ከስምንት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሰፈረ። ሁለቱም አገሮች ንጉሣቸውን በሰሎሞን ስም ቀቡ፤ አንደኛው ኅብረ ድምፁ ሲወደስለት ሌላው ርዝመቱ ተተቸበት።

የአውሮፓው ኅብረ ድምፅም ከአራዳው የዘውድ ቀን አልጠፋም። የዚያን ጊዜውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአይንታብ ተወላጅ አርመናዊ ነው። ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አግኝተው ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ አለቃ ሆኖ ነበር የመጣው፤ ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ዘመን መለወጫ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ግጥሙን የጻፉት ደግሞ የጎጃም ደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፤ ከቅኔ ቤትና ከማኅሌት የወጡ ሰው። እንግዲህ በዚያ ቀን ለአውሮፓውያኑ ጆሮ በጣም የቀረበው ዜማ እንኳ ግማሹ የደብተራ ሥራ ነበር።

ስለ ዜማው ራሱ ብዙ ማለት ይቻላል። ትውፊቱ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ከኖረው ከቅዱስ ያሬድ ይጀምራል፤ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች አሉት። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ድጓ ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ፣ አቋቋም ለመማር ጎንደር ይኬዳል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሲጨመሩ ደግሞ ዝማሜው ይመጣል። ተማሪው ከየቤቱ ሲወጣ ዓመታት አልፈውታል፤ ለምዶ ሌላውን ለማስተማር ሌላ ዓመታት። በዘውዱ ሌሊት የቆሙት ሰዎችም በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው፤ የመሳፍንቱ ስም በየመጽሐፉ ሲዘረዘር የእነሱ ስም ከመዝገቡ ዳር ቀርቷል።

ካቴድራሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቷል። ከዘውዱ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ፣ የፋሺስት ወታደሮች እሳት ለቀቁበት። ዘውዱን ካዩት ጳጳሳት አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል አስቀድሞ በጣሊያን ጥይት ተሠውተዋል። የምኒልክም ሐውልት ተነቅሎ ተደብቆ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመለሰ፤ ሕንፃው ታደሰ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችም ተጨመሩበት።

ዛሬ ከለገሃር ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ሌላ አራዳ ነው የሚያገኘው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፤ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከሐውልቱ አጠገብ ቆሞ ጎብኚ ይስባል። ሥራው ሁሉ ለዓይን ነው። ጎብኚው ሐውልቱን፣ መታሰቢያውንና የካቴድራሉን ስምንት ማዕዘን ፎቶ አንሥቶ በግማሽ ቀን ይመለሳል፤ ልክ የዋው ጎረቤቶች አይተው እንደተመለሱት። የሚሰማው ቅርስ ግን ያለ በጀትና ያለ ቁፋሮ በቦታው አለ። በጥቅምት እሑዶች ሌሊት ማኅሌተ ጽጌው በዚያው ደብር ይቆማል፤ ንጉሡም ዘውዱም ቢያልፉ የቀን መቁጠሪያው አልተለወጠም። የከተማዋ አስጎብኚዎች በዝርዝራቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ማለትም ማኅሌቱ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ኪዳኑ መቼ እንደሚደርስና ቅዳሴው መቼ እንደሚገባ ቢጽፉ፣ ፕሮፌሰሩ ያጡትን ማንኛውም እንግዳ በአንድ ወረቀት ያገኘዋል።